ሥዕል የማይወራበት ቤት

አማቴ በሕይወት ሳሉ፣ ክረምት በመጣ ቁጥር ሻንጣዬን ስሸክፍ እያዩ «ይቺ ልጅ ተምራ የምትጨርሰው መቼ ነው?» ይሉ ነበር። ለእኔ አልነበረም የሚሉት። ለልጃቸው፣ ለባለቤቴ ነው፤ ያውም በሀዲይኛ፣ እኔ የማልሰማ መስሏቸው። እኔ የአንጋጫ ልጅ ነኝ፤ አፌን የፈታሁት በከምባትኛ ነው። ሁለቱ ቋንቋዎች ግን ዘመዳማቾች ስለሆኑ ነገሩ አይጠፋኝም። ባለቤቴ ይስቅና «እናቴ፣ እሷ የምትጨርስ አይደለችም» ይላቸዋል።

እውነቱን ነው። ማስተማር የጀመርኩት በሰርተፍኬት ነው። ዲፕሎማውን በክረምት ትምህርት፣ ዲግሪውን በርቀት አገኘሁት። ልጃችንን አዝዬ ፈተና የተቀመጥኩበት ክረምት ነበረ። አንዱን ስጨርስ ደስታው ቶሎ ያልቅብኛል፤ ሌላ የሚነበብ ነገር ካልያዝኩ ቤቱ ሁሉ ይጎድልብኛል። ስሜ ተጠርቶ ወረቀት ስቀበል ባለቤቴ ከተመልካቹ መሀል ቆሞ ያጨበጭባል፤ ወደ ቤት ስንሄድ ደግሞ «ቀጥሎስ ምንድን ነው?» ይለኛል። እናቱ ሲጠይቁት የሚስቀው ለዚህ ነበር።

የተዋወቅነው ሀደሮ ነው። እኔ እንግሊዝኛ እንዳስተምር ተመድቤ፣ እሱ ደግሞ ሥዕል ሊያስተምር መጥቶ። በዝንጅብል ወቅት መንገዱ ዳር ሁሉ ሰሌን ይነጠፍና ዝንጅብል እንዲደርቅ ይሰጣል፤ ሽታው ክፍል ድረስ ይገባል። እሱ ከትምህርት በኋላ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ዝንጅብል የሚያገላብጡትን ሴቶች ይስላል። ሴቶቹ መጀመሪያ ይስቁበት ነበር፤ ኋላ ግን ቦታ ይይዙለት ጀመር። ገንዘብ ሳይሆን ቀለም ያጥረው ስለነበር ብዙውን ጊዜ በእርሳስ ነው። አንዱን ብቻ በዘይት ቀለም በሸራ ላይ ጨረሰው፤ በኋላ ሆሳዕና ሳሎናችን ውስጥ የተሰቀለው እሱ ነው።

አንድ ቀን መምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ አንድ ትልቅ መጽሐፍ ይዞ አጠገቤ ተቀመጠ። ያስተማረው የውጭ አገር ሰው ወደ አገሩ ሲመለስ ትቶለት የሄደው የሥዕል ታሪክ መጽሐፍ ነው። ሥዕሎቹን በቃሉ ያውቃቸዋል፤ ጽሑፉ ግን ከባድ እንግሊዝኛ ስለሆነ ተሻግሮት አያውቅም።

«ይቺን ገጽ ብታነቢልኝ?» አለኝ። «ስለዚህ ሰውዬ ምን እንደሚል ሁልጊዜ ማወቅ እፈልጋለሁ።»

አነበብኩለት። በማግስቱም ሌላ ገጽ ይዞ መጣ። እኔ ጽሑፉን ወደ አማርኛ እመልስለታለሁ፤ እሱ ሥዕሉን ያሳየኛል። ከዚያ በፊት እኔ ሥዕል ማለት ቆንጆ ወይም አስቀያሚ የሚባል ነገር ብቻ ነበር የሚመስለኝ። «እዪ፣ እዚህ ጋ ሠዓሊው እጇን ለምን እንደደበቀው አይተሻል?» ሲለኝ፣ ለካ ሰው እያየም ላያይ ይችላል እላለሁ። መጽሐፉን ሳንጨርሰው ተጋባን።

ሆሳዕና ገብተን ከጓሮው እንሰት ያለበት ቤት ሠራን፤ ሴት ልጅ ወለድን። እሱ ከተማው ውስጥ ባለ አንድ ትምህርት ቤት ሥዕል ያስተምራል፤ እኔ እንግሊዝኛ። የእኔ ከምባትኛ ነው፣ የእሱ ሀዲይኛ፤ በሁለታችን መሀል ያደገው ቋንቋ አማርኛ ሆነ። ስለ ሥዕል የምናወራው ሁሉ በአማርኛ ነው። ብዙው ነገር በአማርኛ የታወቀ ስም የለውም፤ ስለዚህ ራሳችን እንፈጥርለታለን። ከፊት ያለው ገዝፎ ከኋላ ያለው ሲያንስ እሱ «የርቀት ሕግ» ይለዋል። ዛሬም ተማሪዎቼ እንዲያ ነው የሚሉት።

ዓይኑ መታመሙን ያወቅነው ዘግይተን ነው። መጀመሪያ ብርጭቆ ሲያስቀምጥ ከጠረጴዛው ጫፍ ውጭ ያደርገው ጀመር። ከዚያ ትከሻው ከበር ጋር ይጋጭ ጀመር። መነጽር ይበቃዋል ብለን አዲስ አበባ ሄድን። ሐኪሟ ለረጅም ጊዜ ካየችው በኋላ የዓይን ግፊት መሆኑን ነገረችን። «የጠፋው አይመለስም» አለች። «የቀረውን ለማቆየት ነው የምንሞክረው።» ቀኝ ዓይኑ ያን ጊዜ ከሞላ ጎደል ጠፍቶ ነበር፤ እሱ ራሱ አላወቀም። ወደ ሆሳዕና ስንመለስ አውቶቡሱ ውስጥ ግራ ዓይኑን በእጁ ከደነና መስኮቱን አየ። ከዚያ እጁን አውርዶ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠው።

ጠብታውም ቀዶ ሕክምናውም የግራውን ጥቂት ዓመታት አቆዩለት። ቀስ እያለ ግን እሱም ሄደ። መጀመሪያ ጽሑፍ፣ ከዚያ ፊት፣ ከዚያ ቀለም። ከጊዜው ቀድሞ ጡረታ ወጣ።

በእነዚያ ዓመታት ንባባችን ተገለበጠ። ጽሑፉን ብቻ ሳይሆን ሥዕሉንም እኔ እነግረው ጀመር። አቀላጥፌ የምናገር ሰው ነኝ፤ እሱ ግን አያሳልፈኝም።

«አንዲት ያዘነች ሴት ወንበር ላይ ተቀምጣ…» እላለሁ።

«አዝናለች አትበይኝ። ፊቷ ምን ሆኗል?»

«አንገቷን ሰበር አድርጋለች።»

«ወደየት?»

«ወደ መስኮቱ።»

«ብርሃኑስ ከየት ነው የሚመጣው? መጀመሪያ እሱን ንገሪኝ። ሁልጊዜ ከብርሃኑ ጀምሪ።»

እኔ የሥዕል ታሪክ መምህር የሆንኩት ያኔ ነው። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አይደለም፤ ሳሎናችን ውስጥ፣ አንድ የሚዳፈን ዓይን ላለው ሰው እየነገርኩ ነው። ከመስኮቱ ሥር አግዳሚው ላይ ተጠግተን እንቀመጣለን፤ ገጹን እኔ እገልጣለሁ፣ እሱ ፊቱን ወደ ብርሃኑ አዙሮ ይሰማል። ጥሩ አድርጌ ስነግረው «አየሁት» ይለኛል። ያቺን ቃል ለማግኘት አንድ ሥዕል ላይ ከሰዓቱን ሙሉ እንውላለን።

ልጃችን ነርስ ሆና ዱራሜ ተመድባ ነበር። በመጀመሪያ ደመወዟ ስማርት ስልክ ገዛችልኝ፤ በነፃ የሚሰጡ የውጭ አገር ኮርሶች እንዳሉም ያሳየችኝ እሷ ናት። ኔትወርክ ሲኖር ትምህርቱን አወርዳለሁ፤ ሲጠፋ ያወረድኩትን እሰማለሁ። የሰማሁትን ለእሱ እነግረዋለሁ። አንዳንዴ «ሰውዬው ተሳስቷል» ይላል፤ ይከራከራል። ክርክሩን በድምፅ ቀድቼ ለሚያውቁኝ የሥዕል መምህራን በቴሌግራም እልክ ጀመር። እነሱ ለሌሎች ላኩት። ከሀደሮ፣ ከአዲሎ፣ ከወላይታም ሳይቀር ይጠይቁኝ ጀመር። በመጨረሻ አዲስ አበባ ሆነው በኢንተርኔት ትምህርት የሚሰጡ ወጣቶች ደወሉልኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የሥዕል ታሪክ በአማርኛ በቀጥታ እንዳስተምር ነው የፈለጉት።

ባለቤቴ ከእኔ ይልቅ ደስ አለው። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ለሰዉ ሁሉ «ባለቤቴ ለኢትዮጵያ በሙሉ ታስተምራለች» ይላል። የመጀመሪያው ቅዳሜ አጠገቤ ካሜራው በማይደርስበት ቦታ ተቀምጦ ሰማ። ስጨርስ «ፈጠንሽ» አለኝ። «ሰው አይቶ ሳይጨርስ አትለፊ።» በሚቀጥለው ሳምንት ቀስ አልኩ።

ከዚያ የግራ ዓይኑ ብርሃንና ጨለማ ብቻ የሚለይ ሆነ። ዝምታውም አብሮ መጣ። ሥዕል ስነግረው «አየሁት» ማለቱን ተወ። አንዳንዴ መሀል ላይ ተነስቶ ግድግዳውን እየዳሰሰ መኝታ ቤት ይገባል። እኔ ድካም ነው አልኩ።

አንድ ቅዳሜ ስለ ጥንታዊ የቤተ ክርስቲያን ሥዕሎቻችን እያስተማርኩ ነበር። ሠዓሊዎቹ ጻድቃንን ፊት ለፊት በሁለት ዓይን እንደሚስሉ፣ ኃጥአንን ግን በጎን አድርገው አንድ ዓይን ብቻ እንደሚሰጧቸው አስረዳሁ። ተማሪዎቹ ወደዱት፤ ብዙ ጠየቁ፤ እኔም በጉጉት መለስኩ። እሱ መኝታ ቤት ነበር፤ በሩ ክፍት ነው።

እራት ላይ እጁን ሳስታጥበው «እኔ እንግዲህ በምን ልሳል ነው?» አለኝ።

«ምን ማለትህ ነው?»

«ጻድቁ ሁለት ዓይን፣ ኃጥኡ አንድ። ምንም ለሌለውስ ሠዓሊዎቹ ምን አዘጋጁ?»

እየቀለደ መስሎኝ ፊቱን አየሁ። አልቀለደም። የቀረውን ውሃ እጁ ላይ አፍስሼ ጨረስኩ።

«ከዛሬ ወዲያ» አለ ቀስ ብሎ፣ «እዚህ ቤት ውስጥ ሥዕል አይወራ። አልችልም። ስትናገሪ እያየሁት ነበር፤ አሁን ስትናገሪ የማላየውን ነው የምሰማው።»

«ትምህርቱን ልተወው?»

«አይ፣ አትተይው። እኔ እንዳልሰማ ብቻ አድርጊ።»

ከግቢው ኋላ ካለው ሰርቪስ ቤት አንዱን ክፍል አጸዳሁ። እንጨትና የእንሰት ቢላዎች ይቀመጡበት የነበረ ክፍል ነው። ጠረጴዛ አስገባሁ፣ ነጭ አንሶላ ከኋላዬ ሰቀልኩ። ቅዳሜ ከምሳ በኋላ አጉርሼው፣ ሬዲዮውን ከፍቼለት፣ ወደዚያ እሄዳለሁ። ከአዲስ አበባ፣ ከጎንደር፣ ከጅማ የሚሰሙኝ ሰዎች አሉ፤ ትምህርቱን መጀመሪያ ያስተማረኝ ሰው ግን በሁለት ግድግዳ ማዶ እንዳይሰማኝ ድምፄን እቀንሳለሁ። ተማሪዎቹ «ቲቸር፣ ድምፅዎ አይሰማም» ይሉኛል። ወደ ስልኩ እጠጋለሁ እንጂ ከፍ አላደርግም።

ጨርሼ ስመለስ «ደህና ዋልሽ?» ይለኛል፤ እዚያው ግቢ ውስጥ ውዬ። «ደህና» እላለሁ። ስለ ልጃችን፣ ስለ ኑሮ ውድነቱ፣ ስለ መዘምራኑ አዲስ መዝሙር እናወራለን። ምንም ያልጎደለው ቤት ይመስላል። ሠላሳ ዓመት የሚጠጋ ጊዜ ያወራነው ወሬ ግን ከመሀላችን ወጥቶ ሄዷል፤ ሌላው ወሬ ሁሉ ተደምሮ የእሱን ቦታ አልሞላም። ትልቁን መጽሐፍ በጨርቅ ጠቅልዬ ቁም ሳጥኑ ላይ አወጣሁት። እጁ እንዳይነካው ነው። የሚያውቀው በእጁ ሆኗልና።

ልጃችን ስትመጣ ሰርቪስ ቤቱን አይታ «እማ፣ ይሄ ምንድን ነው?» አለችኝ። ነገርኳት። አለቀሰች። ወደ አባቷ ሄዳ ልታናግረው ፈለገች፤ እኔ ከለከልኳት። «የእሱ ሐዘን ነው» አልኳት። «እንዴት እንደሚያዝን እኛ አንነግረውም።»

አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን፣ ሳሎን ተቀምጠን ሳለ ሳልጠብቀው፣ «የዝንጅብሉ ሥዕል እዚያው ነው ያለው?» አለኝ።

«እዚያው ነው።»

«ንገሪኝ እስቲ።»

ከዚያች እራት ወዲህ የመጀመሪያው ነበር። ወንበሬን ጎትቼ ፊት ለፊቱ ቀረብኩ።

«ለተማሪዎችሽ እንደምትነግሪያቸው አድርገሽ» አለኝ። «ለእኔ ብለሽ አታሳምሪው።»

ከብርሃኑ ጀመርኩ። የከሰዓት ፀሐይ ከግራ ይገባል። ሦስት ሴቶች አሉ፤ ሁለቱ ጎንበስ ብለዋል፣ ሦስተኛዋ ወገቧን ይዛ ቀና ብላለች። የነጠላዋ ጫፍ ነፋስ ይዞት ከፍ ብሏል። ከኋላቸው መንገዱ እየጠበበ ወደ ኮረብታው ይወጣል።

«የርቀት ሕጉ ልክ ነው?» አለ።

«ልክ ነው። የመጨረሻዋ ዛፍ ብቻ ትንሽ ገዝፋለች።»

ፈገግ አለ። «አውቃታለሁ። ላስተካክላት ስል ቀለም አለቀብኝ።» ትንሽ ቆይቶ «ዝንጅብሉስ?» አለኝ።

ቀና ብዬ ሥዕሉን አየሁ።

«ምነው? ዋናው እኮ ዝንጅብሉ ነው።»

ከዚያ በፊት በነበረው ክረምት ቆርቆሮው በጥግ በኩል አፍስሶ ውሃ በግድግዳው ወርዶ ነበር። ሥዕሉ በስተጀርባው ረጥቦ ከርሟል። ሳገኘው የታችኛው ክፍል ጠቁሮ፣ ቀለሙ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተነስቶ ነበር። አድርቄ መልሼ ሰቀልኩት። ስለ ሥዕል አይወራ ስለተባለ አልነገርኩትም፤ የምነግርበት ቀንም ይመጣል ብዬ አላሰብኩም። አሁን ግን እንዳታሳምሪ ብሎኛል፤ ስዋሽ ደግሞ ከድምፄ ያውቀኛል።

«ውሃ ገብቶበታል» አልኩት። «ከጣራው። ሰሌኑና ዝንጅብሉ ያለበት ጠፍቷል።»

«ሁሉም?»

«ከግራ በኩል ትንሽ ቢጫ ቀርቷል። ሌላው የለም።»

ከጎረቤት የሕፃናት መዝሙር ይሰማ ነበር።

«እኔ ዘንድ ደህና ነበረ» አለ በመጨረሻ።

እጁን ያዝኩት። አልነጠቀኝም። «አንቺ ምን ታደርጊ» አለኝ፣ «ንገሪኝ ያልኩሽ እኔ ነኝ።» ከዚያ ሬዲዮውን እንድከፍትለት ጠየቀኝ።

ዳግመኛ ሥዕል አልጠየቀኝም። በዚያው ዓመት ክረምቱ ሲገባ ደም ግፊቱ ተነስቶ ግማሽ አካሉን ያዘው። ሆስፒታል ገባን። አንደበቱ ተዘግቷል፤ የሚሰማ መሆኑን ግን እጄን ሲጨብጥ አውቃለሁ። ልጃችን ከዱራሜ ትመጣለች፣ ሌሊት እሷ ታድራለች፣ ቀን እኔ። አጠገቡ ተቀምጬ ስለ ዝናቡ አወራዋለሁ። አቮካዶው ማፍራቱን፣ የእድሩ ሰዎች ሰላም ማለታቸውን እነግረዋለሁ። ሥዕል ልነግረው ብዙ ጊዜ አፌ ላይ ደርሶ መለስኩት። ምናልባት በዚያ ሰዓት የሚናፍቀው እሱኑ ይሆናል እላለሁ። ምናልባት ደግሞ ያሳምመዋል። አይወራ ብሎኛል፤ ቃሉን አላነሳልኝም፤ አሁን ደግሞ ሊያነሳልኝ አንደበት የለውም። ስለዚህ ስለ አቮካዶው ደግሜ ነገርኩት። እንዲህ ሆነን ሳለን አረፈ።

ለቅሶው ላይ ብዙ ሰው መጣ። ያስተማራቸው ሰዎች፣ አሁን ሽበት ያበቀሉ፣ ከአንጋጫና ከሀደሮ ሳይቀር መጡ። አንዱ ድንኳኑ ውስጥ አጠገቤ ተቀምጦ «መምህር ናቸው ሰማይ ሰማያዊ ብቻ አለመሆኑን ያሳዩኝ» አለኝ። አብረን አለቀስን።

ትምህርቱን አቋረጥኩ። ወጣቶቹ ከአዲስ አበባ ደውለው «ጊዜ ይውሰዱ፣ ይበርቱ» አሉኝ። ልጃችን ብቻዬን እንዳልቀር ብላ ወደ ዱራሜ እንድሄድ ለመነችኝ። ቤቱን ለአንድ የባንክ ሠራተኛ ቤተሰብ አከራየን። ዕቃው ሲጫን የዝንጅብሉን ሥዕል እኔ ራሴ በብርድ ልብስ ጠቅልዬ ጉልበቴ ላይ ይዤ ሄድኩ። አሁን ዱራሜ፣ የልጄ ቤት፣ ከአልጋዬ ሥር ነው ያለው። ማደስ የሚችል ሰው አዲስ አበባ አለ ይላሉ። አልላክሁትም። የሌላ ሰው እጅ ዝንጅብሉን መልሶ ቢስለው የእሱ አይሆንም፤ እሱ ዘንድ የነበረው ደግሞ አብሮት ሄዷል።

ሰው «ማስተማሩ ያጽናናሻል» ይለኛል። አላጽናናኝም። በሰርቪስ ቤት ሆኜ ሳስተምር ቢያንስ የምደበቀው ሰው ነበረኝ። አሁን ድምፄን ብለቀው የሚከፋው የለም፤ ብለቀውም አልወጣ ይለኛል። ግን ሌላ የማውቀው ነገር የለም። እሱም አትተይው ነበር ያለኝ።

ያለፈው ወር ቅዳሜ እንደገና ጀመርኩ። ልጄ ጠረጴዛውን መስኮት አጠገብ አደረገችልኝ፤ እሷ ሥራ ገባች። ስልኩን ስከፍት ተማሪዎቹ አንድ በአንድ ገቡ። ነፍስ ይማር አሉኝ፤ አንዳንዶቹ ሊያጽናኑኝ ሲሞክሩ ቃል ጠፋባቸው። ወደ ሀላባ በሚወስደው መንገድ ዳር ባሉ ጎጆዎች ግድግዳ ላይ ሴቶች ስለሚስሏቸው ሥዕሎች ነበር የዕለቱ ትምህርት። ያዘጋጀሁትን ፎቶ ልከፍት ስል ከአዲሎ የምትገባ አንዲት መምህርት፣ «ቲቸር፣ ከኋላዎ የነበረው ነጭ አንሶላ የለም፤ ቤት ቀየሩ እንዴ?» አለችኝ።

«አዎ» አልኳት። «ቤት ቀየርኩ።»

ከዚያ ፎቶውን ከፈትኩና ብርሃኑ ከየት እንደሚመጣ ጠየቅኋቸው። አይተው እስኪጨርሱ ጠበቅኋቸው።